የእትዬ ጽጌ ፍንጭት

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

አየር ሰንጥቆ፣ ደመና አቋርጦ፣ ቻይና አገር ቼንግዱ ከተማ ለምትገኘው ለልጄ ለእጸገነት ይድረስ።

እንደምን ከረምሽልኝ እጽዬ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ የቂርቆስ አምላክ ይመስገን አለሁ። በዝምድና ቢቆጠር የእናትሽ የአጎት ልጅ ነኝ፤ የጥርስ ሕክምና ስትማሪ ግን ቤቴ ስለነበርሽ ሳላስበው እናት መሆን ለምዶብኛል፤ አሁን ተዪው ብትዪኝም አልተውም።

በስልክ ለምን አይደውሉም እንዳትዪኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ አስመረረኝ። ባምቢስ አካባቢ የልብስ ቁልፍና ክር የሚሸጠው ሁዘይፋ፣ ታስታውሺው እንደሆነ፣ ዕቃ ሊያመጣ እዚያው ቻይና ጓንጁ ከተማ ይመላለሳል። ይቺን ወረቀት ይዞልኝ ሄዶ ከዚያ በፖስታ ይልክልሻል። መልሱንም በእሱ በኩል አድርጊው።

የስፌት ቤቴ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ፈርሶ፣ ከባምቢስ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የስፌት መኪናዬን ተክያለሁ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል። አንዳንድ ቀን በድሮው ቤታችን በኩል ሳልፍ መንገዱ ከመስፋቱ የተነሣ የት እንደቆምኩ ይጠፋኛል። «ይሄ የእነ ሳምራ በር ነበር፣ እዚህ ጋ ቧንቧችን ነበር» እያልኩ እቆማለሁ። ታክሲው ጡሩምባውን ሲያምባርቅብኝ ነው የምነቃው። በቁሜ ማለም ጀምሬያለሁ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። ፍንጭቴ እያማረበት መጣ! ያቺ ስታዪያት የምትስቂባት ስንጥቅ ዛሬ እንደ ግቢ በር ወለል ብላለች። ደንበኞቼ «ጽጌ፣ በስተርጅና ቁንጅና ጀመረሽ» ይሉኛል። ደግሞ አቶ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ አሉ፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ሱሪ ሊያሳጥሩ ይመጣሉ። ያሳጠሩትን መልሰው ሊያስረዝሙ ይመጣሉ። ጥርስ የማያስከድኑ ሰው ናቸው። ባለፈው «ወይዘሮ ጽጌሬዳ፣ ፍንጭትዎ ከዕለት ዕለት እየተዋበ ነው» አሉኝ። ምን እደብቅሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ክር ግን በጥርሴ መበጠስ አቃተኝ። ድሮ በአንድ ንክሻ የምጨርሰው ክር አሁን በፍንጭቱ መሃል ሾልኮ ያመልጠኛል። ስለዚህ ደህና የክር መቀስ ፈልገሽ ላኪልኝ።

አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የፊት ጥርሴ ሲወልቅ ደጋግሜ አልማለሁ። የፊት ጥርስ ከወለቀ የቅርብ ሰው ነው የሚታጣው ይላሉ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ከአንቺ ሌላ ሩቅ ያለ ሰው የለኝም፤ እባክሽ መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እዪ፣ ብርድም አይምታሽ።

ስምሽን ሳትጠራ የማትተኛው
ጽጌሬዳ

ቼንግዱ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት ለእትዬ ጽጌ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ።

እኔ ደህና ነኝ፤ መንገድም ግራ ቀኝ አይቼ ነው የምሻገረው። እዚህ ፀሐይ እንግዳ ናት። ጠዋት ተነሥቼ መስኮት ስከፍት ጭጋጉ ሕንፃውን ሁሉ ውጦት የማየው የአንድ ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጠዋት ይሁን ማታ ሳላውቅ ጫማዬን አስራለሁ። ምግባቸው ላይ ከንፈር የሚያደነዝዝ ቁንዶ በርበሬ መሰል ቅመም ይጨምሩበታል። ከምሳ በኋላ ጥርሴ የኔ አይመስለኝም።

«ከሐኪምነት በላይ ደግሞ ምን ትማሪያለሽ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ ሳልመልስልዎ ሄድኩ። ለእርስዎ ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ነገር አይደለም። ዙሪያውን በጣም በቀጭን ክሮች ከአጥንቱ ጋር የተሰፋ ነው። አንዳንድ ሰው ድዱ ሲታመም ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ አጥንቱም ከሥር ይበላል። እኛ የምንፈልገው ያ ስፌት እንደገና እንዲበቅል ነው። ግሮውዝ ፋክተር የሚባል ጥቃቅን ፕሮቲን አለ፤ ሕዋሶችን «ተነሡ፣ ሥሩ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። ችግሩ አፍ ውስጥ እንዲሁ ሲጨምሩት ምራቅና ደም ጠርገውት ይሄዳሉ። ስለዚህ ለስላሳ ጄል ውስጥ እናሽገዋለን፤ በቀን በቀን ጥቂት ጥቂት እየለቀቀ እንዲቆይ። የኔ ሥራ ይሄ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ጠብታ ሳትቸኩል እንድትሄድ መለመን።

መቀሱን ልኬያለሁ። ለአቶ ወልደአማኑኤል ሱሪያቸውን ቶሎ አይጨርሱላቸው።

እንዲያው ለማወቅ ያህል ልጠይቅዎ። ጥርስዎን ሲፍቁ መፋቂያው ላይ ደም ያያሉ? ፊት ያሉትን ጥርሶች በምላስዎ ቢገፏቸው ይነቃነቃሉ? ፎቶ ቤት ገብተው ከንፈርዎን ገለጥ አድርገው ተነሥተው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ለናፍቆት ነው።

የሁልጊዜ ልጅዎ
እጸገነት

ካዛንቺስ
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ፤ ጾም በመጣ ቁጥር ለበረከት፣ በተፈታ ቁጥር ለደስታ ያድርስሽ።

ለናፍቆት ድድ ላኪልኝ የሚል ዘመድ ካንቺ በቀር ሰምቼ አላውቅም። ፎቶ አንሺው ልጅ «እማማ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ አፍዎን አይፈልቅቁ» እያለ ሲሟገተኝ ነበር። «ሐኪም ልጅ አለችኝ» አልኩት። ይኸው ልኬልሻለሁ።

ደም ላልሽው አላይም። ድዴ ንቅሳት መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ልጅ ሆኜ እናቴ ይዛኝ ሄዳ፣ መርፌው ሲያርፍብኝ እያለቀስኩ፣ ድድሽ ይጠነክራል፣ ስትስቂ ያምርብሻል እየተባልኩ ነው የተነቀስኩት። ጥቁር ላይ ምን ደም ይታያል? መፋቂያው አልፎ አልፎ ቀላ ይላል፣ የእንጨቱ ቀለም ይሆናል። መነቃነቅ ላልሽው፣ አዎ ትንሽ ነቅነቅ ይላሉ። ለፍንጭቱ ቦታ እየለቀቁ ነው ብዬ ነው የተውኩት።

ሕልሙም መልኩን ቀየረ። አሁን የማየው የድሮውን ሰፈር ነው፤ ግን አፌ ውስጥ ነው ያለው። የቆርቆሮ አጥሩ፣ የእነ ሳምራ በር፣ ሱቁ፣ ሁሉም በተርታ ቆመዋል። በምላሴ እየዳሰስኩ አንድ በአንድ አልፋለሁ። አንዱ በር ጋ ስደርስ ይከፈትና ነፋስ ይገባል። ከእንቅልፌ ስባንን አፌን በእጄ ይዣለሁ። አያስፈራም፤ እንዲያውም ደስ ይላል፣ ሰፈሬን ስለማየው። ቀን ሲሆን ነው የሚከፋኝ።

የምሥራቹን ወደ መጨረሻ አቆየሁት። አቶ ወልደአማኑኤል ሽማግሌ ላኩ! እኔ ወላጅ ስለሌለኝ ሽማግሎቹ የስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመው እኔኑ ከእኔ ጠየቁኝ። ሁዘይፋ የዘመድ ተራ ይዞ «ልጃችንን አስበንበት እንመልሳለን» አላቸው። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ በነጠላ አፌን ሸፍኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። በኋላ እሺ ብለን ሠርጉ ለመጪው ጥር ይሁን ተባለ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ያህል ደስ ይለኛል አላልኩም ነበር።

የጥር ሙሽራ
ጽጌሬዳ

ቼንግዱ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጽጌ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ለሽምግልናው እንኳን ደስ ያለዎ፤ ሁዘይፋንም ሳሙልኝ።

ፎቶው ከደረሰኝ ቆየ። ልጽፍልዎ እቀመጥና ስለ አየሩ ጽፌ እቀደዋለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ከሥሩ ልናገር።

ፍንጭትዎ አላማረበትም፤ ታሟል። ጥርሶቹን የያዘው አጥንት ከሥር እየተበላ ነው። አጥንቱ ሲሸሽ ጥርስ ብቻውን መቆም አይችልም፣ ወደ ፊት እየተገፋ ይበተናል። ሰው ያሞገሰልዎ ይሄንን ነው። ክሩ የሾለከው፣ መፋቂያው የቀላው በዚሁ ምክንያት ነው። ፎቶውን ለአለቃዬ ባሳየው «ይሄ ድድ ሞቷል» ብሎ ደነገጠ። ንቅሳት መሆኑን ባስረዳው ደግሞ ይበልጥ ደነገጠ። ድድዎ አልሞተም፤ ግን ጥቁሩ መቅላቱን ሸፍኖታል። ባይነቀሱ ኖሮ መስታወት ራሱ ይነግርዎ ነበር።

ሕልሙም ስለ እኔ አይደለም። ሲተኙ ምላስዎ የሚነቃነቀውን ጥርስ ያገኘዋል፤ እንቅልፍ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወሬ ያደርገዋል። ስለ እኔ ሲጨነቁ የከረሙት ጥርስዎ እየጠራዎ ነበር።

ካልታከሙ ሁለቱም ይወልቃሉ። ቂርቆስ በኩል ክሊኒክ ያላት ዶክተር ሀዊ አብራኝ የተማረች ናት፤ ነግሬያታለሁ፤ ነገ ይሂዱ። ክር ከዛሬ ጀምሮ በጥርስዎ አይንኩ። እትዬ ጽጌ፣ ደስታዎ ላይ ይህን በመጻፌ እጄ እየከበደኝ ነው።

እጸገነት

ካዛንቺስ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእጸገነት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ሐኪሟ ጋ አልሄድኩም። ሄጄ ምን ልባል ነው? ይነቀል እንደምትለኝ አውቃለሁ።

አንቺ ስፌቱን እንደገና የሚያበቅል መድኃኒት እጅሽ ላይ አለ። ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ። እሱን ላኪልኝ። ሁዘይፋ በሐምሌ መጀመሪያ ጓንጁ ነው፤ በሽንት ጨርቅም ሆነ በካልሲ ጠቅልለሽ ስጪው፣ ደብቆ ያመጣልኛል። አደራ ጠባቂ ሰው ነው።

ስልክ የተውኩትም መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። «ሰ» ስል ያፏጭብኛል። ለመሳቅም አፌን መሸፈን ጀምሬያለሁ። ሠርጉ ጥር ነው፤ ሰውየው የወደዱት ፍንጭቴን ነው። ያለ ጥርስ ሙሽራ ሆኜ ፊታቸው አልቀመጥም፤ ከዚያ በፊት አይሆንም ብዬ እመልሳቸዋለሁ።

አሁን ሁሉንም አውቀሻል። ከዚህ በፊት ምንም ለምኜሽ አላውቅም።

ጽጌሬዳ

ቼንግዱ
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጽጌ፣ ከእግርዎ በታች ተደፍቼ ሰላም እላለሁ።

ሁዘይፋ ጓንጁ ሆኖ ደወለልኝ። ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። የሚይዝልዎ ይህን ደብዳቤ ብቻ ነው።

የጠየቁኝ መድኃኒት ጠርሙስ የአውራ ጣቴን ታክላለች። ማክሰኞ ከማቀዝቀዣው አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ጭጋግ ነበር፤ ሰው የሚያየኝ አይመስልም። አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ ይዣት ሄድኩ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሰው ገባ፣ እኔ ቆምኩ። ቆሜ እርስዎ ሲስቁ አየሁ፤ በጣም ቅርብ ሆነው፣ የጨርቅ ሽታ ሁሉ ሸተተኝ። ከዚያ ተመልሼ ቦታዋ አስቀመጥኳት።

የሞከርነው አይጥና ውሻ ላይ ነው። ለሰው ምን ያህል እንደሚበቃ አናውቅም። ሕዋሶችን «ተነሡ» ይላል፤ «አሁን ይበቃል» ማለት ያውቅ እንደሆነ ገና አላረጋገጥንም። መንገድ ላይ ከሞቀም ይበላሻል። ሌላ ሰው ቢሆን እንኳን አላደርገውም ነበር፤ እርስዎ ላይማ እንዴት ብዬ?

ግን ይስሙኝ። እኔ እዚህ ጄል ውስጥ ላሽገው የምታገለውን ነገር የእርስዎ ደም ተሸክሞት ይዞራል። ሲቆረጡ ቁስልዎ የሚድነው በእሱ ነው። ከክንድዎ ጥቂት ደም ይቀዳል፤ በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን ይዞራል፤ ቀዩ ወደ ታች ይወርድና መሃሉ ላይ እንደ እርጎ የረጋ ቢጫ ነገር ይቀራል። እሱን ተጭነው ስስ አድርገው ድዱ ሥር አጥንቱ የጎደለበት ያስገቡታል። ቀን በቀን ጥቂት ጥቂት ይለቃል። ሀዊ ማሽኑ አላት፣ ሠርታዋለች። መጀመሪያ ግን ከድዱ ሥር ያለው ቆሻሻ መጽዳት አለበት፣ ከዚያ መጠበቅ። ጥርሱ በእርግጠኝነት ይተርፋል አልልዎትም። አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ አይይዝም።

ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፤ ብቻ ይሂዱ።

እጸገነት

ቼንግዱ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ጽጌ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረዎ።

ክረምቱ አለፈ፣ መስቀልም አለፈ፣ ከእርስዎ ቃል የለም። ስልክ ብደውል አያነሡም። ሁዘይፋን ብጠይቀው «ደህና ናት፣ ግን አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምታናግረኝ፣ ስላንቺም አላነሣችብኝ» አለኝ።

ትናንት አለምኩ። የስፌት ቤትዎ ወለል ላይ ተንበርክኬ ጥርሶቼን ስለቅም ነው። ለቅሜ ለቅሜ እጄን ስከፍት ቁልፍ ሆነዋል፤ የሸሚዝ፣ ነጫጭ። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውኝ መኪናውን ይረግጣሉ። ብጠራዎ አይዞሩም። እንባዬ ቀሰቀሰኝ። የነገርኩዎትን የምላስና የጥርስ ትንታኔ ለራሴ ደገምኩት፤ ምንም አልረዳኝም። የፊት ጥርስ ሲወልቅ የቅርብ ሰው ነው እየተባለ ያደገ ሰው የቱንም ያህል ቢማር ያው ነው።

ጥርስዎም ይውለቅ፣ እኔንም ይርገሙኝ፤ ግን አለሁ ይበሉኝ። ናፍቀውኛል።

እጸገነት

ካዛንቺስ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከሩቅ ሆነሽ ለምትጠብቂኝ፣ ከቅርብ ሆኜ ላኮረፍኩሽ ለልጄ ለእጸገነት፤ ሰላምታዬ ከጭጋጉ በላይ ይድረስሽ።

አለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ።

ተቆጥቼሽ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ደብዳቤሽን አንብቤ ከስፌት መኪናዬ ሥር ወረወርኩት። ሳምንት ሙሉ በእግሬ ስረግጠው ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ስቆርስ ቀኙ ጥርሴ ወደ ውስጥ ዞረ፤ በጣቴ ስመልሰው ተመለሰ። ያን ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ሀዊ ጋ ሄድኩ።

ትንሽ ልጅ ናት፤ ሲያዩዋት ትምህርት ቤት የምትሄድ ትመስላለች። «እትዬ ጽጌ፣ ልጅዎ ከቻይና ሆና በቀን ሁለቴ ትጨቀጭቀኛለች» ብላ ሳቀች። መምጣቴን እንዳትነግርሽ ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ አትቀየሚያት። ከድዴ ሥር ስትጠርግልኝ ከረመች። ከመስቀል በኋላ ለደሙ ነገር የሰጠችኝ ቀጠሮ ዓርብ ላይ ዋለ። ዓርብ ጾም ነው፤ የራሴን ደም አፌ ውስጥ ሊያደርጉ ነው ብዬ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ካንቺው ወጥቶ ወደ አንቺው ለሚገባ ምን ጾም ይፈታል? ደግሞ አትውጪው» አሉኝ።

ደሜ ሲዞር አሳየችኝ። ማሽኑ እንደ ንብ ድምፅ ያሰማል። ቆመ፤ አወጣችው። እውነትሽን ነው፣ መሃሉ ላይ ቢጫ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ተኝቷል። ማደንዘዣው አፌን ወስዶት ስለነበር የሆነውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ሰፋችኝ። የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ ተራው ደረሰኝ። ጥርሶቹን ከጀርባ በኩል በስስ ነገር እርስ በርስ አሰረቻቸው። ተኝቼ ሳለሁ ያ በተርታ ያለው ሰፈር መጣልኝ፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ ፀጥ ብሏል። ከዚያ በኋላ ያን ሕልም አላየሁትም።

ዝም ያልኩሽ ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ከወልደአማኑኤል ጋር ተጣልቼ ነበር። አሁን «አንተ» እንባባላለን፣ እንዳትገረሚ።

መጀመሪያ ሀዊ ጋ በሄድኩ በማግስቱ ስፌት ቤቴ መጣ፤ ሱሪ ይዟል። ነጠላዬን ከአፌ ላይ አነሣሁና «የወደድከው ፍንጭት በሽታ ነው። ሊወልቅ ይችላል። ያለሱ የማትፈልገኝ ከሆነ አሁን ተናገር» አልኩት። በሩን ገፋ አደረገውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመለስ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። መሐረቡ ላይ የላይኛው ጥርሱ በሙሉ ተቀምጧል። እጽዬ፣ ያ ሁሉ ሳቅ የተገዛ ጥርስ ነበር።

«የኔም እንዲሁ ነው የጀመረው» አለኝ፣ ቃሉ እየተንሸራተተበት። «መጀመሪያ ፍንጭት ሆነ። መምህራን ክፍል ውስጥ 'ወልዴ ጎረመሰ' እያሉ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ሄዱ። አንቺን እንዳየሁሽ አውቄዋለሁ። ልነግርሽ ስል የራሴን መግለጥ ሆነብኝ። ስለዚህ አሞገስኩት።»

መጀመሪያ አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። አይተህ ነበር? ይህን ሁሉ ጊዜ አጥንቴ ሲበላ ቁጭ ብለህ እያየህ «ተዋበ» ትለኛለህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማሁት ሰው የራሱን ሲደብቅ ነው፤ የሌላውን መደበቅ ምን ይባላል? ሱሪውን ወርውሬለት ውጣ አልኩት። ወጣ። መሐረቡን በእጁ እንደያዘ ነው የወጣው።

አንቺ ሩቅ ሆነሽ፣ እጅሽ እየከበደሽ ነገርሽኝ። እሱ አጠገቤ ቆሞ አልነገረኝም። ይህን ሳስብ ላንቺ መጻፍ ራሱ አሳፈረኝ፤ የነገርሽኝን አንቺን ነበር ያኮረፍኩት።

ካለፈው ሳምንት ጀምሬ ልንገርሽ። ሀዊ አየችኝ። «ለፎቶ ገና ነው፣ አጥንቱን በራጅ የምናየው ከፋሲካ በፊት ነው» አለች። በጣቷ ስትገፋው ግን ግራው አልተነቃነቀም። ቀኙ ትንሽ ነቅነቅ ይላል። «ይሄኛውን አላውቅም፣ እንጠብቅ» አለችኝ። ፍንጭቱ ወደ ድሮው አይመለስም፤ ከዚህ እንዳይብስ ነው የታሰረው። አላውቅም ማለቷን ወደድኩት። ከክሊኒኩ ወጥቼ እስከ ባምቢስ በእግሬ ሄድኩ።

ወልደአማኑኤል በሬ ላይ ቆሟል። ሱሪ አልያዘም። «ማታ ማታ እመጣና በሩ ሲዘጋ አይቼ እመለሳለሁ» አለኝ። ግባ አልኩት። እንደ ድሮ ልማዳችን ራሴ የሠራሁትን ምሳ አቀረብኩለት። ሲበላ አየሁትና ቃሌን ነገርኩት። «ጥር ላይ አገባሃለሁ። ቀኙ ጥርስ ቢወልቅም አገባሃለሁ። ግን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ላይ ያየኸውን ነገር፣ ቢከፋኝም፣ የዚያኑ ዕለት ትነግረኛለህ። አትችልም ከሆነ በሩ ያው ነው።»

ጉርሻው እጁ ላይ ቆመ። አየኝ። ምን ሊለኝ ነው፣ ሌላ ምን አይቶብኛል ብዬ ሰጋሁ።

«ወጥሽ» አለኝ፣ «ጨው ይበዛበታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

አፌን ከፍቼ ሳቅኩ እጽዬ። ሁዘይፋ ከሱቁ ድረስ ሰምቶ መጣ።

ጽጌሬዳ